አኒሜሽን ጀምራችሁ የተዋችሁት ካለ፣ ከመጨረሻው ትዕይንት ሳሉ

ጅማ ውስጥ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) የሚያይ ልጅ ሞልቷል። እሰራለሁ ብሎ የጀመረም አይጠፋም። የጨረሰ ግን እስቲ አሳዩኝ። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ «ልጀምር ነው» እያልኩ ደብተር ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ እዚህ የማወራው ስለ መጀመር አይደለም።

ያስጨረሰኝ «ኤይዞኬን» ነው። ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አኒሜሽን ሲሰሩ የሚያሳይ፣ በፈረንጆቹ 2020 የወጣ፣ ማሳአኪ ዩአሳ ያዘጋጀው ባለ 12 ክፍል ሥራ። አብሮኝ የሚያየው ጓደኛዬ «አይዞ ኬን» ነው የሚለው፣ እና እውነቱን ለመናገር ከዋናው ስም ይሻላል። የመጨረሻውን ክፍል ያላያችሁ ቀጣዩን አንቀጽ ዝለሉት።

ከሦስቱ ተማሪዎች ፊልሙን የምትመራው አሳኩሳ ለፊልሟ የጭፈራ ማብቂያ አስባለች። ሙዚቃው ሲመጣ ካሰበችው ጋር አይገጥምም። ቀን ደግሞ የለም። ታዲያ ምን አደረገች? ጭፈራውን ጣለችው፣ ማብቂያውን ቀየረችው፣ ዲቪዲው ለሽያጭ ደረሰ። የምትወዱትን ነገር ቆርጦ መጣል የሥራው አንድ ክፍል መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን ወደ እኛ፣ አብረን አጭር አኒሜሽን ወደሰራነው ልጆች። መጀመሪያ ሒሳብ። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለት 24 የቆመ ምስል ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆሙት 12 ሥዕል ይበቃል። እኛ በስልክ ስለሰራን ወደ 8 አወረድነው፣ ትንሽ ይቆራረጣል እንጂ ያምራል። 20 ሰከንድ በ8 ሲባዛ 160 ሥዕል ነው። ለሦስት ሰው ሃምሳ ምናምን ይደርሳል። ከ20 ሰከንድ በላይ አታስቡ፣ በቃ።

ሁለተኛ፣ የማይስል ሰው ፈልጉ። አኒሜው ላይ ከሦስቱ አንዷ፣ ካናሞሪ፣ አትስልም፣ ገንዘቡንና ቀኑን ነው የምትይዘው፣ እና ያለ እሷ ሌሎቹ ሁለቱ እስከ ዛሬም ባልጨረሱ ነበር። የእኛዋ እዚሁ ጅማ መርካቶ እናቷ ሱቅ የምትውል ልጅ ናት። «ይሄ ስንት ቀን ይፈጃል?» ስትል ሁላችንም ጸጥ።

ሦስተኛው ነገር የርዕሱ ነው፤ የመጨረሻውን ትዕይንት መጀመሪያ ሳሉት። ጉልበትም ጉጉትም ያለው መጀመሪያ ላይ ነው። መሃሉ ደከም ቢል ሰው ይቅር ይላል፣ ማብቂያው ሲበላሽ ግን ሁሉም ያየዋል።

የእኛ ባለታሪክ የጅማ በርጩማ ነው፣ ያ ባለሦስት እግሩ። ከገበያ አምልጦ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ይወጣል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሦስት እግር ያለው ነገር እንዴት ነው የሚራመደው? ሁለት ቀን ስለን ስለን ሰካራም መሰለ። በኋላ እውነተኛውን በርጩማ ወለል ላይ አድርገን፣ አንዳችን በእጅ እያወዛወዝነው ሌላችን በስልክ ቀረጽነው። ቪዲዮውን ቀስ አድርገን ስናየው፣ አንዱ እግር ከመነሳቱ በፊት መቀመጫው ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። አለቀ! ያቺን ማዘንበል በሁለት ሥዕል ስንጨምራት በርጩማው ነፍስ ዘራ። እናንተም ከሐሳባችሁ አትሳሉ፣ እዩ። ከአኒሜው ተማሪዎች አንዷ፣ ሚዙሳኪ፣ በልጅነቷ አያቷ ሻይ ሲደፉ እያየች ነው እንቅስቃሴ የተማረችው። የእናንተ አያት የሲኒ እጣቢ ወደ ደጅ ሲረጩ ክንዳቸው ከውሃው ቀድሞ እንደሚቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዕቃው ቀላል ነው። መስታወት በሁለት መጽሐፍ መሃል አንተርሱ፣ ከሥር የስልክ ባትሪ አብሩ፣ የፊተኛው ሥዕል ከላይኛው ወረቀት ሥር ይታያችኋል። ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ መብሻ ብሱና ቀዳዳው ላይ የሚያዝ ነገር አድርጉ፣ አለበለዚያ ሥዕሉ ይዘላል። በስልክ ብቻ ከሆነ ፍሊፓክሊፕ የሚባለው አፕ ይበቃል። ሥዕሉን ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ግን መስኮት አጠገብ እንዳትሞክሩ። የጅማን ሰማይ ታውቁታላችሁ፣ ፀሐይ ብሎ ደመና፣ ደመና ብሎ ዝናብ። እኛ 40 ፎቶ አንስተን ስናየው ስክሪኑ እንደ ጭፈራ ቤት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መጋረጃ ዝጉ፣ በአንድ አምፖል ሥሩ። መብራት ከሄደ ደግሞ ያው ቡና አፍሉ።

ድምፅ ላይ ነው የተቃጠልነው። በርጩማው ጅሬን ደርሶ ከጀበና ጋር እንዲጨፍር አስበን ነበር። አንድ ክራር የሚጫወት ልጅ ሞቅ ያለ ነገር እልካለሁ ብሎ ቃል ገባ። ልናስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረን የላከው፣ ቀስ ያለ ትዝታ። ያውም ሆድ የሚያባባ! ልጁን ልንቆጣ ፈለግን፣ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው፣ «ሞቅ ያለ» ከማለት በቀር ምንም አልነገርነውም። የሰከንዱን ቁጥርና ፍጥነቱን በእጃችሁ እያጨበጨባችሁ ቀድታችሁ ላኩለት፣ ማብቂያውን መጀመሪያ ሳሉ ብልም፣ ጭፈራ ከሆነ እሱ ሳይልክ አትጀምሩ።

እኛ ጀምረን ነበር። 30 ሥዕል። ካናሞሪያችን አየችን፣ እኛ አየናት፣ ወረቀቱን ሰበሰበችው።

በቦታው ምን ገባ? በርጩማው በሩ ላይ ደርሶ ቁጭ ይላል። ዝናብ ይጀምራል። ከዚያ አንድ ሥዕል ብቻ፣ 4 ሰከንድ፣ ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። የዝናቡን ድምፅ ከጓሮ ቆርቆሮ ሥር ሌሊት ቀዳነው፣ በመሃል ውሻ ይጮሃል፣ ተውነው። ከትዝታው ጋር ሲገጥም ከጭፈራው መቶ እጥፍ ይሻላል (ይሄን ለክራሩ ልጅ አልነገርነውም)።

ስትጨርሱ መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፣ ያለ ድምፅ ካልገባ ሥዕሉ ይጎድለዋል። በቴሌግራም ስትልኩት ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ጨምቆ ያደበዝዘዋል።