ካሜራውን ተዉት፣ መጀመሪያ ስፒከሩን

ሮክ የሚጫወቱ ልጆች ባገኘሁ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ክሊፑን በምን ካሜራ ነው የቀረጻችሁት?» በስልክ ነው። በእኔ ስልክ፣ ያውም ስክሪኑ የተሰነጠቀ። ግን የመጀመሪያ ክሊፓችንን ገደል የከተተው ካሜራ አልነበረም። ፕሌይባኩ ነው፤ ስትቀረጹ በስፒከር የሚለቀቀው ዘፈን ማለቴ ነው።

አራት ነን። እኔ ቤዝ ነው የምጫወተው። ልምምዳችን ሳሪስ፣ የድራመራችን እናት ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ዘፈኑን በትንሽዬ የብሉቱዝ ስፒከር ከፍተን፣ ድራሙን እንደ ልባችን እየደበደብን ቀረጽን። ድራመሩ ሲመታ ዘፈኑ አይሰማውም፤ በግምት ነው የሚሄደው። ኤዲት ላይ ስቀመጥ ዱላው ሌላ ቦታ፣ ድምፁ ሌላ ቦታ። ሦስት ሌሊት ላስታርቃቸው ታገልኩ። ጣልነው።

አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። መጀመሪያ የዘፈኑ ሚክስ (የድምፆቹ ቅልቅል) አልቆ መዘጋት አለበት። «በኋላ ትንሽ እናፈጥነዋለን» የሚል ሰው ከባንዳችሁ ካለ ስልኩን ቀሙት። ከመግቢያው በፊት በዘፈኑ ቴምፖ (የምቱ ፍጥነት) አራት ጊዜ «ጢክ» የሚል ድምፅ ጨምሩ፤ ሁላችሁም እኩል ትነሳላችሁ፣ ኤዲት ላይም መገጣጠሚያ ይሆናችኋል። ስፒከሩ ትልቅ ይሁን፣ በኬብል ይገናኝ። ብሉቱዝ መሃል ላይ ከተቆራረጠ ያ ቴክ፣ ያ አንድ ዙር ቀረጻ፣ አለቀ። ሲምባሎቹን ከሥር በጨርቅ አፍኗቸው፣ ትልቁ ከበሮ ውስጥ ትራስ ክተቱ። ጎረቤትም ያመሰግናችኋል። ድራመሩ ግን እጁን አይቆጥብ፤ ሮክ በግማሽ ክንድ ሲመታ ያስታውቃል። ዘፋኙም የምሩን ይዝፈን። አፍ ብቻ ከተንቀሳቀሰ የአንገት ሥር አይወጣም።

ስሎው ሞሽን ካማራችሁ፣ በሰከንድ 50 ፍሬም (ምስል) ቀርጻችሁ በ25 ነው የምታሳዩት፤ ሁሉም ነገር በግማሽ ይዘገያል። ስለዚህ አፉ ከዘፈኑ ጋር እንዲገጥም ስትቀርጹ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ልቀቁት። አራት ደቂቃው ሁለት ደቂቃ ይሆናል። በደቂቃ 120 ምት የነበረው ቴምፖ 240 ይገባል። ድራመራችን አንዴ ሞክሮት ወለሉ ላይ ተዘረረ። ዘፋኙን ብቻ እንዲህ ቅረጹት፣ ይበቃል።

ሌላው የቤት ውስጥ መብራት ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ስልካችሁን በ30 ፍሬም ከተዋችሁት ግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር ሲንሸራተት ልታዩ ትችላላችሁ። 25 ፍሬም፣ ሸተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) የሰከንድ 1/50 አድርጉት። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነፃ አፕ ይህን ያስመርጣል። ፎከስና ብርሃኑን ቆልፉ። ሌንሱን በሸሚዛችሁ ጥረጉ። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ከቴኮቻችን ሁሉ ምርጡ መሃል ላይ አክስቴ ደውላለች።

ሐሳቡንስ ከየት? ኦኬ ጎ የሚባሉት የአሜሪካ ሮከሮች እ.ኤ.አ. በ2006 ስምንት የመሮጫ ማሽን ደርድረው፣ አንዲት ካሜራ አቁመው፣ ሳይቆርጡ ጨፈሩበት። ጭፈራውን አብራ ያቀናበረችው የዘፋኛቸው እህት ናት። በዓመቱ የግራሚ ሽልማት በሉበት። እኛ የመሮጫ ማሽን የለንም። የልብስ ማስጫ ገመድ ግን አለን።

ነገሩ የመጣው በአጋጣሚ ነው። ግቢው ውስጥ እየተቀረጽን የድራመራችን እናት ልብስ ሊያሰጡ መጡ። በመሃላችን አልፈው፣ ጊታሪስቱ ፊት አንሶላ ዘርግተው፣ ዞር ብለው ሳያዩን ሄዱ። ቪዲዮውን ስናይ ከእኛ ይልቅ የሚያስቁት እሳቸው ናቸው። ክሊፑ ራሱ እሱ ሆነ፦ እኛ እንጮሃለን፣ እሳቸው ያሰጣሉ። ዘጠኝ ጊዜ ደገምነው። ሰባተኛው ላይ «እናንተ ልጆች፣ ይሄ ልብስ እኮ ደርቋል!» አሉን።

አንሶላው ሌላም ጥቅም ነበረው። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም የዓይን ጉድጓድን ጥቁር ታደርገዋለች። ነጭ አንሶላ በፀሐይና በዘፋኙ መካከል ስትዘረጉ ፊቱ ይለሰልሳል። ደመናም ያው ነው። ክረምት ላይ ብርሃኑ ግሩም ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ግን ፕሌይባኩ አይሰማም። ወርቃማውን የማታ ብርሃን ከፈለጋችሁ ከ11 ሰዓት በፊት ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ፤ እኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ነው የምትወርደው።

አንድ ስልክ ብቻ ካላችሁ መጀመሪያ ሁላችሁንም ከሩቅ፣ ሙሉ ዘፈኑን። ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻ፣ አሁንም ሙሉውን። ከዚያ እጅ፣ እግር፣ ገመድ። ከሩቅ ስትቀርጹ ግን ተጠንቀቁ፤ ድምፅ 34 ሜትር ለመጓዝ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይፈጅበታል፣ ሁለት ፍሬም ተኩል ማለት ነው፤ ስልኩ የሚቀዳው ድምፅ ከምስሉ በዚያን ያህል ይዘገያል። በድምፅ አትመኑ፤ ዱላው ስኔሩን (ድራመሩ ፊት ያለችውን ትንሽ ከበሮ) ሲነካ አይታችሁ ግጠሙ። ኤዲቱን በነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሠራሁት። ኮምፒውተር ከሌላችሁ ካፕከትም ይሆናል።

ዩቲዩብ ላይ በሌሊት ጫኑ፣ ኔቱ ይሻላል። ዘፈኑን በአከፋፋይ በኩል ለስፖቲፋይ ሰጥታችሁ ከሆነ፣ አከፋፋዩ ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይም ሊያስመዘግበው ስለሚችል የገዛ ክሊፓችሁ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። እኛ ላይ መጥቶ «ማን ሰረቀን?» ብለን ተደናግጠን ነበር። ቻናላችሁን ከጥያቄው ነፃ እንዲያደርገው አከፋፋዩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ክሬዲቱ ላይ የድራመራችንን እናት «ልብስ፦» ከሚለው ጎን ጻፍናቸው። አይተው፣ «ያ ሁሉ አንሶላ ሲታጠብ የት ነበራችሁ?» አሉ።