ፍጥነት ከማስጨመራችሁ በፊት ገመዱን ሰኩ

«ዋይፋዩ ይቆራረጣል፤ የትኛው ካምፓኒ ይሻላል?» በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ አዲስ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል። «በገመድ ሞክረኸዋል?» ሲባል መልሱ «አይ» ነው። የታመመው ዋይፋዩ ይሁን ወደ ቤት የሚገባው መስመር ሳይለይ ካምፓኒ መቀየር የዕውር ድንብር ነው።

ካት 6 የሚባል የኔትወርክ ገመድ ግዙ፤ ርካሽ ነው። ላፕቶፑን በገመዱ ከራውተሩ ጋር አገናኙና የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ (ይህን የሚረሳው ሰው ብዛቱ!)። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ሁለት የትእዛዝ መስኮት (Command Prompt ወይም Terminal) ከፍታችሁ ሳያቋርጥ ፒንግ፣ ማለትም «አለህ?» ብሎ መልስ የሚጠብቅ አጭር መልእክት፣ እንዲልክ አድርጉ። አንዱ ወደ ራውተሩ ይሁን፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 10.0.0.1 ነው። ሌላው ወደ 8.8.8.8 ይሁን፤ ይህ ከቤት ውጭ ያለ የጉግል አድራሻ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 እስከ 5 ባለው ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ይሂድ። በገመድ ሆኖ ራውተሩ እየመለሰ 8.8.8.8 ዝም ካለ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። በገመድ ደህና ሆኖ በዋይፋይ ሲሞከር ራውተሩ ራሱ ዝም የሚል ከሆነ ግን ዋይፋዩ ነው።

መስመሩ ከሆነና ኬብል ኢንተርኔት (በቴሌቪዥን ኬብል የሚመጣው) ካላችሁ፣ ከግድግዳው እስከ ሞደሙ ያለውን ወፍራም ክብ ገመድ ተከተሉ። ጫፉ በጣት ከጠበቀ በኋላ በ7/16 ኢንች ቁልፍ ትንሽ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በላይ አታስጨንቁት። መሐል ላይ ስፕሊተር (ገመዱን ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሚከፍል ዕቃ) ካለ፣ ባለ ሁለት መውጫው ብቻ ከሲግናሉ 3.5 ዴሲቤል ገደማ ይበላል። የቀድሞው ተከራይ ለቴሌቪዥን ብሎ የተወው ከሆነ አውጡት። በብራውዘር በሚከፈተው የሞደሙ ገጽ ላይ ዳውንስትሪም ፓወር (ወደ ቤት የሚገባው ሲግናል ጉልበት) ከ-7 እስከ +7 ባለው መካከል ቢሆን ደህና ነው። ስፕሊተሩ ወጥቶም አፕስትሪሙ (ሞደሙ ወደ ካምፓኒው የሚልክበት ጉልበት) 50ን ካለፈ፣ ወይም የሞደሙ መዝገብ (log) በ«ቲ3» (T3፣ ሞደሙ ልኮ ከካምፓኒው መልስ ያጣበት) ከተሞላ፣ ካምፓኒው ቴክኒሻን ይላክ። ጥፋቱ የቤት ውስጥ ገመድ ሆኖ ከተገኘ የሚያስከፍሉ ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የቤዝመንት ተከራዮች ችግር አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋዩ ነው። ራውተሩ ላይኛው ፎቅ ሳሎን፣ ቴሌቪዥን ጀርባ ተሸጉጧል። ዋይፋይ ሁለት ዓይነት ሞገድ አለው፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ወለልና ግድግዳ ያደክመዋል። 2.4 ሩቅ ይደርሳል፣ ግን የጎረቤት ራውተርና ማይክሮዌቭ ይጋፋዋል። በ2.4 ላይ ከቻናል 1፣ 6 ወይም 11 አንዱን ምረጡ፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ አድርጉ። ቻናል 3 ወይም 4 «ባዶ ነው» ብሎ የሚገባ ሰው ሁለቱንም ጎረቤት ይረብሻል፣ ራሱም ይረበሻል። ኤክስቴንደር (ዋይፋዩን ተቀብሎ የሚደግም ዕቃ) ከገዛችሁ ዋይፋይ የማይደርስበት ክፍል ውስጥ አትሰኩት፤ ያልደረሰውን ከየት አምጥቶ ይደግመዋል? መሐል መንገድ ላይ ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው በደረጃው ጠርዝ ገመድ አውርዶ ታች ሁለተኛ ራውተር መትከል ነው፤ እሱም «አክሰስ ፖይንት» በሚለው ምርጫ (ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ) ላይ ይደረግ፣ አለበለዚያ ሁለቱም አድራሻ እያደሉ ይጋጫሉ። ሪሴት የምትለዋን ቀዳዳ ደግሞ በመርፌ አትውጉ። ሪስታርት አይደለችም፤ የአከራዩን ስምና የይለፍ ቃል ጠራርጋ ታጠፋለች፣ ቤቱ ሁሉ ይጮህባችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ፤ እኔም የተቃጠልኩበት ነው። ስልክ ደውላችሁ «ይቆራረጣል» ስትሉ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «300 ሜጋ ለእናንተ አይበቃም፣ 1 ጊጋ ልስጣችሁ» ይላል። እሺ አትበሉ! የቪዲዮ ጥሪ ከ4 ሜጋ የዘለለ ብዙም አይፈልግም፤ ፎርኬ (4K) ፊልም እንኳ 25 ሜጋ ይበቃዋል። አራት ሰው ባለበት ቤት 300 ሞልቶ ይተርፋል። የተበላሸውም ፍጥነቱ አይደለም፤ ሰፊ ቧንቧ ስላስገባችሁ የሚያፈስ ቧንቧ አይደፈንም። «እሺ» ያላችሁበት ቅናሽ ብዙ ጊዜ ከ12 ወር በኋላ ያበቃና ዋጋው ይንራል። አዲስ ራውተር ይልኩና ወርሃዊ ኪራይ ይጨምራሉ። ውል ካለበት ደግሞ ቀድሞ መውጣት ያስቀጣል። ኤፍሲሲ (FCC፣ የአሜሪካ መንግሥት የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ) ከ2024 ጀምሮ ካምፓኒዎች ዋጋውን፣ ክፍያዎቹን፣ የውሉን ዘመንና የአፕሎድ ፍጥነቱን የያዘ መግለጫ እንዲያሳዩ አስገድዷል። ያንን ሳታነቡ በስልክ ምንም አትስማሙ። ዕቃ ስትመልሱ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ፎቶ አንሱት፤ ያለ ደረሰኝ «አልደረሰንም» ቢሉ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። መስመሩ ተፈትኖ ጥፋቱ የነሱ መሆኑ ታይቶ ካልሰሙ፣ የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ለኤፍሲሲ በነጻ አቤት በሉ፤ ካምፓኒው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታው ነው።

ዩቲዩብ እየሠራ የሚቆራረጠው ጥሪ ብቻ ከሆነ፣ የቤቱ ስልኮች ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ እየጫኑ እንደሆነ እዩ። የኬብል ኢንተርኔት አፕሎዱ ጠባብ ነው፣ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ብቻውን ይሞላዋል። ከአሜሪካ ሰው ጋር ጥርት ብሎ ከእናታችሁ ጋር ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ራውተራችሁን ተዉት፤ ችግሩ የመንገዱ ወይም የአዲስ አበባው ኔትወርክ ነው፣ ቪዲዮውን አጥፍታችሁ በድምፅ ብቻ አውሩ።