የጀርመን ከተሞች ያተሙትን የጦርነት ጊዜ ወረቀት ገንዘብ እንዴት መለየትና ማስቀመጥ ይቻላል?

ታክሲ ውስጥ «ዝርዝር የለም» ሲባል እንዴት እንደሚያናድድ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1914 ጀርመን ውስጥ አገር ሙሉ እንዲያ ሆነ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሰው ሳንቲሙን ደበቀ፤ ቆይቶ ደግሞ ብረቱ ራሱ ለጦር መሣሪያ ተፈለገ። ከተሞች፣ ወረዳዎች፣ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ የራሳቸውን ወረቀት አተሙ። ስሙ ኖትጌልድ ነው፣ የችግር ጊዜ ገንዘብ። ዛሬ ፍሎማርክት፣ ማለትም የጀርመን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ በጫማ ካርቶን ተሞልቶ ይሸጣል።

መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ። ወረቀቷን በጠርዟ ያዙ።

ቀጥሎ የከተማዋን ስም ፈልጉ። የድሮው የጀርመን ፊደል ያሳስታል፤ ረጅሙ «ኤስ» ቁርጥ «ኤፍ» ይመስላል። እኔ የሌለች ከተማ ካርታ ላይ ስፈልግ አምሽቻለሁ።

ዋናው ጣጣ ዘመኑን መለየት ነው። በ1914 የወጡት ብዙዎቹ ጌጥ የላቸውም፤ ቁጥር፣ ፊርማና የከተማው ማኅተም ብቻ። ከዚያ የመጡት ትንንሽ ናቸው፤ 10፣ 25፣ 50 ፕፌኒግ (የጀርመን ሳንቲም)። ከ1920 እስከ 1922 ድረስ ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከተሞች ሰብሳቢ እንደሚገዛቸው ገባቸውና ባለ ብዙ ቀለም ተከታታይ ሥዕል ማተም ጀመሩ። የሃመልን ከተማ በተረቷ የሚታወቁትን አይጦችና ዋሽንት ነፊ አተመች፤ ቢለፌልድ ደግሞ በሐር ጨርቅ ላይ አወጣች። ስለዚህ ወረቀቷ ምንም ሳትታጠፍ እንደ ፖስት ካርድ ካማረች ዳቦ አልተገዛባትም ማለት ይቻላል። ሻጩ «የጦርነት ጊዜ ነው» ቢላችሁ አትስሙት። ለእኔ የቆሸሸችውና የታጠፈችው ትበልጣለች።

ዜሮው ከበዛ 1923 ነው፣ የዋጋ ንረቱ ዓመት። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። የጀርመን «ቢሊዮን» የእኛ ትሪሊዮን ነው፤ የእኛን ቢሊዮን እነሱ «ሚሊያርደ» ይሉታል። ሳታዩ ዋጋ አትንገሩ።

ስለ ማጽዳት አጭር ምክር፦ ተዉት። የመጀመሪያዬ የ1914 ወረቀት አልበም ላይ በሙጫ ተጣብቃ ነበር። እንደ ቴምብር ትለቅ ይሆናል ብዬ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከርኳት። ቡና አፍልቼ ስመለስ ውኃው ሐምራዊ ሆኗል። ማኅተሙ ነው የሟሟው። ሙጫው ግን ንቅንቅ አላለም! አሁን የተጣበቀ ካገኘሁ የአልበሙን ገጽ ዙሪያውን ቆርጬ ከነገጹ አስቀምጣለሁ። እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

ለማስቀመጫ የፖሊስተር ኪስ ግዙ፤ ጨርቁን ሳይሆን ጥርት ያለውን ፕላስቲክ። ርካሹ፣ እንደ አዲስ የሻወር መጋረጃ የሚሸተው ላስቲክ እያደር ይጣበቃል፤ ቀለምም ይዞ ይላቀቃል። ስኮች አይነካትም፣ የተቀደደችም ብትሆን። የከተማዋን ስምና ዓመቱን በቁራጭ ወረቀት በእርሳስ ጽፋችሁ ከኪሱ ጀርባ ክተቱ። ካርቶኑን ከመስኮት አርቁት፤ ፀሐይ ቀለሙን ትበላዋለች።