ክሮስ ኮምፓይለር ሲገነባ የሚያጋጥሙ የሼልና የኮንፊገር ችግሮች አፈታት

በኡቡንቱ ላይ ሆኖ ለአርም ፕሮሰሰር የሚሆን ጂሲሲ፣ ማለትም በአንድ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ለሌላ ዓይነት ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ክሮስ ኮምፓይለር፣ የሚገነባ ሰው ሥራው መሀል ላይ ሲቋረጥበት አስቀድሞ የሚጠረጥረው ሶርስ ኮዱን ነው፤ ይሁንና ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የግንባታ ስክሪፕቶቹን በሚያስኬደው ሼል፣ ማለትም ትእዛዞችን ተቀብሎ በሚፈጽመው ፕሮግራም፣ ወይም ተርሚናሉ ከቀደመ ሥራ ይዞት በቆየው ቅንብር ውስጥ ነው።

ከሼሉ እንጀምር። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው 6.10 እትም ጀምሮ ኤስኤች የሚለው ትእዛዝ የሚያስነሣው ባሽ የተባለውን ሼል ሳይሆን ዳሽ የተባለውን ነው። ዳሽ ፈጣን ቢሆንም በባሽ የለመድናቸውን አሬይን (ብዙ እሴቶችን በአንድ ስም የሚይዝ ዝርዝርን) እና ድርብ ማዕዘናዊ ቅንፍን ስለማያውቅ፣ ለባሽ ታስቦ የተጻፈ ስክሪፕት ሲቀርብለት ስለ ቅንፍ አጠቃቀም ቅሬታ አሰምቶ ይቆማል። ሊነክስን ከሶርስ ኮድ መገንባት የሚያስተምረው ሊነክስ ፍሮም ስክራች የተባለው መመሪያ ኤስኤች ወደ ባሽ እንዲያመለክት ይጠይቃል። እኔ ግን ለአንድ ግንባታ ሲባል የመላውን ሲስተም ሼል መቀየር አይታየኝም። ኮንፊግ ሼል ለተባለው ቫሪያብል የባሽን ሙሉ አድራሻ ሰጥቶ ኤክስፖርት ማድረግ (ለሚነሡት ፕሮግራሞች ማስተላለፍ)፣ ከዚያም ኮምፒውተሩን ፈትሾ ግንባታውን የሚያሰናዳውን የኮንፊገር ስክሪፕት በባሽ ማስኬድ ይበቃል፤ ምርጫው የግንባታ ትእዛዞችን ይዘው በሚፈጠሩት ሜክፋይሎች ውስጥም ይመዘገባል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ለኮምፓይለሩ የሚሰጡ አማራጮችን የሚይዘው ሲፍላግስ የተባለው ቫሪያብል ነው። ለአርም ብቻ የሚሠራ አማራጭ ከትናንት ሥራ በውስጡ ቀርቶ ከሆነ፣ የራስዎ ኮምፒውተር ኮምፓይለር ስለማያውቀው ኮንፊገር ኮምፓይለሩ ፕሮግራም መፍጠር አልቻለም ብሎ ያቆማል፤ መልእክቱን ያየ ሰውም ደህናውን ኮምፓይለር ነቅሎ እንደገና ይጭናል። ላይብረሪዎች የሚፈለጉባቸውን ዳይሬክተሪዎች የሚዘረዝረው ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የተባለው ቫሪያብል ደግሞ ስውር ወጥመድ አለው። ዳይሬክተሪዎቹን በሚለየው ሁለት ነጥብ (:) ከጀመረ ወይም ካለቀ ባዶው ቦታ አሁን ያሉበት ዳይሬክተሪ ተደርጎ ይቆጠራል፤ የሲ ቋንቋ መሠረታዊ ላይብረሪ የሆነው ጂሊብሲም በዚህ ሁኔታ ለመገንባት እምቢ ይላል። ሁለቱንም ቫሪያብሎች አንሴት በሚለው ትእዛዝ ያጥፉ።

ስህተቱ ከዚህም በኋላ ከቀጠለ ኮንፊገር ሙከራዎቹን የሚመዘግብበትን ኮንፊግ ሎግ የተባለውን ፋይል ይክፈቱ፤ የመጨረሻ መስመሮቹን ብቻ አይተው ግን አይመለሱ። ግርጌው ላይ የሚደረደረው የቫሪያብሎች ዝርዝር ሲሆን የወደቀው ሙከራ ከእርሱ በላይ ይገኛል። ጂሲሲ በየንዑስ ዳይሬክተሪው የተለየ ሎግ ስለሚጽፍ፣ ሊብጂሲሲ በተባለው የጂሲሲ ረዳት ላይብረሪ ላይ የኦብጀክት ፋይል (ኮምፓይለሩ የሚያወጣው ፋይል) ቅጥያ ማወቅ አልተቻለም የሚል ስህተት ሲመጣ መነበብ ያለበት የዋናው ሳይሆን የሊብጂሲሲው ሎግ ነው። እዚያም ብዙ ጊዜ የሚገኘው አዲሱ ኮምፓይለር ሲነሣ ለሒሳብ ስሌት ከሚጠቀምባቸው የኤምፒሲን፣ የኤምፒኤፍአርን ወይም የጂኤምፒን ላይብረሪ አጥቶ መውደቁ ነው። የጂሲሲ ሶርስ እነዚህን የሚያወርድ ስክሪፕት በኮንትሪብ ዳይሬክተሪው ውስጥ አለው፤ በእርሱ ከወረዱ ከጂሲሲው ጋር አብረው ይገነባሉ።

ማስተካከያ ባደረጉ ቁጥር ከሶርሱ ውጭ የከፈቱትን የግንባታ ዳይሬክተሪ ሙሉ በሙሉ ደምስሰው ኮንፊገርን እንደ አዲስ ያስኬዱ፤ አሮጌዎቹ ሜክፋይሎች የቀድሞውን ሼል እንደያዙ ይቆያሉና።