ኳንታይዝ ከመጫናችሁ በፊት፦ ጀማሪ ቢት ሠሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ስቱዲዮ ያለው ሰው ፋታ የለውም። ላፕቶፑን አንጠልጥሎ «ይህቺን ብቻ ሚክስ አድርግልኝ» የሚል ወጣት ይበዛል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ጆሯቸውም የሠላ ነው። ሥራቸውን የሚያበላሽባቸው ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ የሚነካኩት ቁልፍ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ኳንታይዝ ነው። ኳንታይዝ የተጫወታችሁትን ኖታ ሶፍትዌሩ በዘረጋው መስመር፣ ማለትም በግሪዱ ላይ፣ ያሰልፋል። ሶፍትዌሩ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ 4/4 ላይ ሆኖ፣ እያንዳንዱን ምት ለአራት ከፍሎ ይጠብቃችኋል። እስክስታ የምንወርድበት ችክችካ ግን 6/8 ነው፤ ዋናው ምት የሚከፈለው ለሦስት ነው። በ120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) አንድ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ለሦስት ሲከፈል ሁለተኛዋ ኖታ 167ኛው ሚሊ ሰከንድ ገደማ ላይ ታርፋለች፤ ኳንታይዙ ወደ 125 ይጎትታታል። ሦስተኛዋን ደግሞ ከ333 ወደ 375 ይገፋታል። 40 ሚሊ ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ትከሻ ያውቃታል!

አንዱ የሠርግ ዘፈን ይዞ መጣ። ከበሮውን በኪቦርድ የተጫወተው ራሱ ነው፣ ግን ዘፈኑ ያነክሳል። «ዘፋኙ ምት ይስታል» እያለ ምስኪኑን ደጋግሞ አስቀድቶታል። ኳንታይዙን አንስተን የእጁን አመታት ስንሰማው ከዘፋኙ ጋር ልክክ አለ። ስለዚህ ፕሮጀክቱን ገና ስትጀምሩ 6/8 አድርጉት፣ ወይም ግሪዱን ምቱን ለሦስት ወደሚከፍለው ትሪፕሌት ቀይሩት። የኳንታይዙንም ኃይል ከ100 በመቶ ወደ 50 ወይም 60 ዝቅ አድርጉ። ጭብጨባና ማሲንቆን ጨርሶ አትንኳቸው።

የዘፋኝን ድምፅ ወደ ኖታ የሚያስጠጋው ኦቶቱንም የዚሁ ዘመድ ነው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ቅኝት ካልነገራችሁት ድምፁን ከ12ቱ የፒያኖ ድምፆች ወደሚቀርበው ይወስደዋል። አንቺሆዬ የሚዘፍን አዝማሪ እነዚያ ቁልፎች መሃል ያለ ድምፅ ሊያወጣ ይችላል፤ ያ ስህተት ሳይሆን ጣዕሙ ነው። ማሲንቆም የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ እንጂ ኪቦርድ ለሚቃኝበት 440 ኸርዝ አይደለም። ባለማሲንቆው ክሩን ሳይጫን አንዴ እንዲገዘግዝላችሁ ጠይቁ፣ በቲዩነር ለኩት፣ ከዚያ ሲንተሳይዘራችሁን በሴንት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ወደ እሱ አምጡ። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ሽማግሌውን ሰውዬ «ከኪቦርዱ ጋር ተስማማ» ብላችሁ አታስጨንቁ።

ሚዲ ድምፅ አይደለም። ከ1983 ጀምሮ ያለ የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ነው፤ የትኛው ኖታ፣ መቼ፣ ከ0 እስከ 127 ባለው ልክ ምን ያህል ተጠንክሮ እንደተመታና የመሳሰለውን ብቻ ይናገራል። የሚዲ ፋይል ልካችሁ «የኔ ድምፅ የት ሄደ?» አትበሉ።

ቀይ መብራት እየበራ አትቅረጹ። በዲጂታል ዜሮ ዴሲቤል ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ የሄደ ድምፅ አናቱ ተቆርጦ ይቀራል፣ የተቆረጠውን የመጨረሻው ማሳመሪያ፣ ማስተሪንግ፣ አይመልሰውም። በ24 ቢት ጥራት ከቀረጻችሁ ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን ምንም አይጎድልባችሁም።

ቤዝና ኪክ (የከበሮው ወፍራም ምት) ሁለቱም 60 ኸርዝ ላይ ከተጋፉ አንዳቸውም አይሰሙም፤ ለአንዱ ቦታ ልቀቁለት። ደግሞ በሄድፎን ብቻ አትፍረዱ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ አስከፍታችሁ ስሙት፤ በዚያች ትንሽ ስፒከር ቤዙ ፈጽሞ ከጠፋ ከ100 ኸርዝ በላይ የሚሰማ ነገር ጨምሩበት።

ኤምፒስሪ ፋይሉን ለማሳነስ ከድምፁ ከፊሉን ይጥላል፤ ወደ ዌቭ መቀየር የጠፋውን አይመልስም።

በ48 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ናሙና) የተቀዳውን በ44.1 ካጫወታችሁት ዘፈኑ ይዘገያል፣ ድምፁም 150 ሴንት ገደማ ይወርዳል። ከቪዲዮ ካሜራ የመጣ ድምፅ ብዙውን ጊዜ 48 ነውና ከማስገባታችሁ በፊት እዩት።

ለሚክስ ስትመጡ እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻው በዌቭ አውጡት። ሁሉም ከዘፈኑ መጀመሪያ ይነሣ፤ ማሲንቆው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቢገባም ፊቱ ያለው ዝምታ አብሮ ይውጣ። ቢፒኤሙንና ቅኝቱን ፎልደሩ ስም ላይ ጻፉልን።