«አትንኩት፣ ይረፍበት» እና ሌሎች የአልጋ ቁስል የሚያመጡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ሰው ታሞ ሲተኛ ብቻውን አይተኛም። ከኩታበር፣ ከወረኢሉ፣ ከሐይቅ ዘመድ ይመጣል። ጋቢ ይመጣል፣ በፔርሙስ አጥሚት ይመጣል። አንዱ «አላህ ያሽረው» ይላል፣ ሌላው «እግዜር ይማረው»። ይሄ ሁሉ ሰው ከብቦት በሽተኛው ወገቡ ግርጌ ላይ ቁስል ይዞ ሲወጣ ያናድዳል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚያቆስለው ማዘናችን ነው።

ዋናው ስህተት «አትንኩት፣ ይረፍበት» የሚለው ነው። ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ላይም ሆኖ ይገላበጣል፤ ሲቆረቁረው ሳያውቀው ዞር ይላል። ራሱን የሳተ ወይም በማሽን የሚተነፍስ ሰው ይሄን አይችልም። በአጥንቱና በፍራሹ መሃል ያለው ሥጋ ይጨፈለቃል፣ ደም አይደርሰውም፣ ከዚያ ይሞታል። የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት በጠብታ የሚሰጠው ከሆነ ወደ ቆዳው የሚሄደው ደም ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው።

ስለዚህ ይገላበጥ። የተለመደው በየ2 ሰዓቱ ነው፤ እንደ በሽተኛው ሁኔታና እንደ ፍራሹ ሊለያይ ይችላል። ሙሉ በሙሉ በጎኑ ማስተኛትም ልክ አይደለም፣ ክብደቱ ዳሌው ላይ ያርፋል። 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል አድርጎ ጀርባውን በትራስ ወይም በተጠቀለለ ጋቢ መደገፍ ይሻላል። «ሲገላበጥ ግፊቱ ይወርዳል» የሚባልለት በሽተኛ አለ፤ እውነት ነው። ለሱም ቢሆን ጭንቅላቱን በቀስታ ማዞር፣ ክንዱን አንስቶ ቦታ መለወጥ አይከለከልም። አስታማሚ ግን በራሱ አያገላብጥ። ቱቦ ሊነቀል ይችላል፣ አከርካሪው የተጎዳም ሊሆን ይችላል። ሲስተርን ጠርቶ አብሮ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው መጎተት ነው። የአልጋው ራስጌ ከፍ ሲል በሽተኛው ወደታች ይንሸራተታል። አንድ ጎበዝ ብብቱን ይይዝና ሽቅብ ይስበዋል። ቆዳው አንሶላው ላይ ተይዞ ሲቀር ውስጡ ያለው ሥጋ ይሳባል፣ ትንንሾቹ ደም ስሮች ይጎዳሉ። ከላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ሁለት ሰው ሆኖ ከሥሩ በተነጠፈ አንሶላ ማንሳት ነው። «እንዳይንሸራተት» ብሎ ራስጌውን ዝቅ ማድረግ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ በማሽን የሚተነፍስ ሰው የሳንባ ምች እንዳይዘው ነው ከፍ የተደረገው። ሐኪሙ ካልከለከለ ጉልበቱን በትራስ ትንሽ አጠፍ ማድረግ ይረዳል።

ሦስተኛው የቤት ውስጥ ፈጠራ ነው። ጓንት ውሃ ሞልቶ ተረከዝ ሥር ማድረግ ብልሃት ይመስላል፤ ግን ጫናውን ትንሽ ቦታ ላይ ይሰበስበዋል። እንደ ቀለበት መሃሉ ክፍት የሆነ መቀመጫም ዙሪያውን ያለውን ሥጋ ያንቀዋል። ለተረከዝ የሚሻለው ርካሹ ነው፤ ትራሱን ከባቱ ሥር አድርጎ ተረከዙን አየር ላይ ማንሳት። ተረከዙ ምንም ነገር መንካት የለበትም። የደሴ ብርድ የሚያመጣው አንድ ጉድም አለ፦ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ እግሩ ሥር መወሸቅ። ራሱን የማያውቅ ሰው ሲቃጠል አይጮህም። ካልሲና ብርድ ልብስ ይበቃል።

አራተኛው መቅላት መጠበቅ ነው። የሕክምና መጽሐፉ «ቀይ ምልክት» ይላል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ከዙሪያው ይልቅ የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ፣ በእጅ ጀርባ ሲነካ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ወይም የላሸቀ ቦታ መፈለግ ነው። የወገብ ግርጌ፣ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ክርን፣ የጭንቅላት ኋላ ይታዩ። ሲገኝ ደግሞ ቅቤም ሆነ ቫዝሊን ይዞ ማሸት አያስፈልግም። የተጎዳ ሥጋ ሲታሽ ይብሳል። ያ ቦታ ከጫና ይውረድ፣ ለነርሷ ይነገር።

እርጥበት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሽንትና ሰገራ እንደወጣ በለስላሳ ጨርቅ ታጥቦ ይድረቅ፣ ቫዝሊን በስሱ ይቀባ። ላስቲክ፣ በላዩ አንሶላ፣ በላዩ ነጠላ፣ በላዩ ዳይፐር መደራረብ ግን ያልባል። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይማ አይነሳ።

አንዳንድ ቁስል ከፍራሽ ጋር አይገናኝም። የኦክስጅን ማስክ አፍንጫ ላይ፣ የኦክስጅን ቱቦ ጆሮ ኋላ፣ የምግብ ቱቦ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ፣ የአንገት ደጋፊ አገጭ ሥር ያቆስላሉ። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ጭን ሥር ተረስቶ ስንት ጊዜ ይገኛል! በተገላበጠ ቁጥር ከሥሩ የቀረ ነገር እንዳለ መዳሰስ ነው።

ምግብ ላይ ደግሞ አጥሚት ብቻ ይዘን እንመላለሳለን። ቆዳ የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። መዋጥ ለሚችል እንቁላል፣ ወተት፣ በደንብ የበሰለ ምስር ይጨመር። ኩላሊቱን የሚያመው ከሆነ ሐኪሙ ይጠየቅ። በቱቦ የሚመገብ ከሆነ የታዘዘው መጠን በሰዓቱ መግባቱን መከታተል ነው።

ለባለሙያዎች አንድ ነገር። ብሬደን የሚባለውን፣ በሽተኛው ለአልጋ ቁስል ምን ያህል እንደተጋለጠ በነጥብ የሚያሳየውን መለኪያ ሞልቶ ፋይል ውስጥ መክተት ሥራ አይደለም። 18 ነጥብ እና ከዚያ በታች ያመጣ በሽተኛ ተጋላጭ ነው፤ ቁጥሩ የመገላበጫ ሰዓት ካልወለደ ወረቀት ነው።

የመጨረሻው ስህተት ቁስሉ ዋርድ ውስጥ ጀመረ ብሎ ማሰብ ነው። ከመካነ ሰላም በአምቡላንስ፣ በደረቅ ቃሬዛ፣ ለሰዓታት በጀርባው የመጣ ሰው ሥጋው መንገድ ላይ ተጎድቶ ይሆናል። የጥልቅ ሥጋ ጉዳት ቆዳ ላይ የሚታየው ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል። ያኔ አስታማሚው ነርሷን፣ ነርሷ አስታማሚውን ይወቅሳሉ። በገባበት ሰዓት ልብሱ ወልቆ ጀርባው ይታይ፣ የታየው ይጻፍ። አብሮት የመጣው ዘመድም ስንት ሰዓት በጀርባው እንደተኛ ይናገር፤ ማንም ባይጠይቀው እንኳ።