የተሳሳተ ነዳጅ ከገባ ሞተሩን አታስነሱ

የተሳሳተ ነዳጅ የገባበት መኪና ገና አልተበላሸም። ይህን ለስንቱ ነገርኩ! ነዳጁ ታንከሩ ውስጥ ተኝቶ እስካለ ድረስ የሚጠብቃችሁ ወጪ ትንሽ ነው። ተቀድቶ ይወጣል፣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ ትክክለኛው ይሞላል፣ ማታ በመኪናችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። መኪናውን የሚገድለው ከዚያ በኋላ ሰው በችኮላ የሚያደርገው ነገር ነው።

ጋራዣችን ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የጅማ መንገድ ስለሆነ ጭነት መኪናውም፣ ሚኒባሱም፣ የሰፈሩ ቪትዝም በደጃችን ያልፋል። ነዳጅ ጠፍቶ ሰልፉ ሲረዝም ይህ ጣጣ ይበዛል። ሹፌሩ ተሰላችቷል፣ ቀጂዋ ደክሟታል፣ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ይነፋል። እንዲህ ሲሆን እጅ ይሳሳታል። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልጻፋቸው።

«እስከ ጋራዥ ላድርሰው» ብሎ ማስነሳት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ናፍጣ ከነዳጅነቱ ሌላ ቅባትም ነው። በአብዛኛው የናፍጣ መኪና ላይ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ የሚለሰልሰው በውስጡ በሚያልፈው ናፍጣ ነው። ቤንዚን ግን ያን ቅባት የለውም፤ ያለውንም ያጥበዋል። ስለዚህ ብረት በደረቁ ከብረት ጋር ይፋተጋል። በአዲሶቹ ኮመን ሬይል (ነዳጁን ሬይል ከሚባል አንድ የጋራ ቱቦ የሚያከፋፍሉ) ሞተሮች፣ ለምሳሌ ዲፎርዲ በሚባሉት ሀይሉክሶች፣ የነዳጁ ግፊት ከ1,000 ባር ያልፋል። የመኪና ጎማ አየር 2 ባር ገደማ መሆኑን ካሰባችሁ ፖምፓው ምን እንደሚሸከም ይገባችኋል። እንዲህ ያለ ፖምፓ ያለ ቅባት ሲሠራ ይፋቃል። የተፋቀው የብረት ብናኝ ወደ ሬይሉ፣ ከዚያ ነዳጁን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች ይሄዳል። የተረፈው በመመለሻው ቱቦ ዞሮ ታንከር ውስጥ ይገባል። ያኔ ፖምፓ ብቻ ቀይሮ መገላገል የለም። መስመሩ በሙሉ ይፈታል።

አንድ አባት በሀይሉክሳቸው መጡ። ማደያው ቤንዚን እንደቀዳላቸው እዚያው አውቀዋል። «ልጄ፣ ቅርብ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነዳሁት። ትንሽ ጉልበት አነሰው እንጂ ደህና ነው» አሉኝ። ፊልትሮውን ፈትቼ ውስጡ ያለውን ነጭ ሳህን ላይ ገለበጥኩት። ነዳጁን ቀስ ብዬ ሳፈሰው ሳህኑ ላይ የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ነገር ቀረ። በጣቴ ሳሸው ይቆረቁራል። ለእሳቸውም አሳየኋቸው። ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ዝም ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከማደያው ደውለውልን ቢሆን ጀሪካንና ቱቦ ይዘን እንሄድላቸው ነበር። አንጀቴን የሚያቃጥለው ይሄ ነው። ቅርብም ሆነ ሩቅ ለፖምፓው ልዩነት የለውም።

አንዳንድ የድሮ ጭነት መኪኖች ፖምፓቸው በሞተር ዘይት ስለሚለሰልስ የተሻለ ይታገሳሉ። «የኔ ድሮም ገብቶበት ምንም አልሆነ» የሚል ሹፌር የሚያወራው ስለነዚያ ነው። የሱን ወሬ ሰምታችሁ አዲሱን ሀይሉክስ እንዳታስነሱ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እጃችሁ ላይ ያለውን ጠብቃችሁ ያዙት።

ታዲያ ሰልፉ መሃል ምን ይደረግ? ይገፋ! ማርሹን ነጻ አድርጉት። መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ብቻ አቁሙት። የዳሽቦርዱ መብራቶች በሙሉ እስኪበሩ ካዞራችሁት በብዙ መኪኖች ታንከር ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ነዳጁን መግፋት ይጀምራል። «አላስነሳሁትም፣ ከፈት ብቻ ነው ያደረግኩት» የሚሉኝ ይህን አያውቁም። አውቶማቲክ ከሆነ «ፒ» ላይ ተቆልፎ አልሄድም ይላል። በብዙ ቶዮታዎች ከማርሹ አጠገብ «ሺፍት ሎክ» የሚል ትንሽ ቁልፍ ወይም እሱን የሸፈነ ትንሽ ክዳን አለ። ፍሬን ረግጣችሁ፣ እሱን ተጭናችሁ ወደ «ኤን» ታመጡታላችሁ። ሞተር ሳይነሳ ፍሬኑም መሪውም እንደሚከብድ አትርሱ። የሚገፉት ሰዎች ቀስ ይበሉ፣ ቁልቁለት ላይም አትሞክሩት። ከኋላ ያለው ሰው ቢጮህም ይጩህ።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ በኋላ ካወቃችሁ ደግሞ ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። ሞተሩ መንቀጭቀጭ፣ ጉልበት ማጣት፣ ጭስ ማብዛት ከጀመረና ገና ከማደያ የወጣችሁ ከሆነ መጀመሪያ ነዳጁን ጠርጥሩ። ሲጠፋ ደግሞ ገፍቶ ለማስነሳት አትታገሉ።

ለቀጂዋ «ሙላው» ብቻ ማለት

ዶልፊን ሚኒባስ በቤንዚንም በናፍጣም አለ። ሀይሉክስም እንዲሁ፣ ፕራዶም እንዲሁ። ቀጂዋ መኪናውን አይታ ልታውቅ አትችልም። መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ «ናፍጣ ነው» በሉ፣ ከዚያ ወርዳችሁ የቱን እንዳነሳች እዩ። ስልክ እያዩ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ ነው ብዙውን ጊዜ ጣጣ የሚያመጣው። በቀለም አትተማመኑ። በእንግሊዝ አገር አረንጓዴው የቤንዚን ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ የናፍጣ ነው። እኛም ጋ ከማደያ ማደያ ሊለያይ ይችላል።

የናፍጣው መቅጃ አፍ አብዛኛውን ጊዜ ከቤንዚኑ ይወፍራል። ስለዚህ በብዙ የቤንዚን መኪና ጉሮሮ አልገባም ይላል። የቤንዚኑ ግን ናፍጣ መኪና ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ማለትም የሚጎዳው ስህተት ነው የሚቀለው።

የተዋሳችሁት ወይም ገና የገዛችሁት መኪና ከሆነ ደላላው በነገራችሁ አትቀዱ፤ ሊብሬውን እዩ። የታንከሩ ክዳን ላይ ያለው ጽሑፍ በጃፓንኛ ወይም በዓረብኛ የሆነባቸው መኪኖች ሞልተዋል። ክዳኑ ውስጥ በወፍራሙ «ናፍጣ» ብላችሁ በአማርኛ ለጥፉበት።

ከመንገድ ዳር በሃይላንድ መግዛት

ነዳጅ ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድና በጀሪካን ይሸጣል። ሰው ጨንቆት ይገዛል፤ ይገባኛል። ግን ከየት እንደተቀዳ፣ ጀሪካኑ በፊት ምን እንደነበረበት ማንም አያውቅም። የላስቲኩን ቂጥ ቆርጠው እንደ መቅጃ ስለሚጠቀሙበት የመቅጃው ስፋት የሚያደርገው መከላከልም እዚህ የለም።

ግድ ከሆነባችሁ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉ። ቤንዚን ከሆነ ቶሎ ተንኖ ይጠፋል። ናፍጣ ከሆነ የቅባት እድፍ ይቀራል። ጣት ላይም ቤንዚን ይቀዘቅዛል፣ ናፍጣ ያሙለጨልጫል። ይህ ንጹህ የሆነውን ይለያል፤ ተደባልቆ ከመጣ ግን በጣት አታውቁትም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣም እንዲሁ ያታልላል። ነጭ ጋዝ ቅባቱ አነስተኛ ስለሆነ ፖምፓ ይጎዳል።

«ናፍጣው ከስር ይዘቅጣል» ብሎ ማመን

ይህን ከመካኒኮችም ሰምቻለሁ። ናፍጣ ይከብዳል፣ ቤንዚን ይቀላል፣ አንድ ሌሊት ቢቆም ይለያያሉ፣ ከስር ያለውን ብቻ ከፍተን እናወጣለን ይላሉ። አይለያዩም። ሁለቱም ከድፍድፍ ነዳጅ የወጡ ናቸው፤ አንዴ ከተዋሃዱ እንደተዋሃዱ ይቀራሉ። ከስር የሚዘቅጠው ውሃ ነው። ሁሉንም አውጡት።

በላዩ ትክክለኛውን ሞልቶ ማቅጠን

ለአዲስ ናፍጣ ሞተር አይሆንም። ነገሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ድሮ በጣም ብርድ በሆነ አገር ናፍጣው እንዳይረጋ ጥቂት ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ይጨምሩበት ነበር፤ የዚያን ጊዜ ሞተርም ይችለው ነበር። የዛሬው ፖምፓ አይችለውም፣ የሰበታ ብርድም ናፍጣ አያረጋም። ለቤንዚን መኪና ከሆነ፣ የገባው ናፍጣ በጣም ጥቂት ሆኖ ታንከሩ በቤንዚን ቢሞላ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። እኔ ግን እሱንም ቀድቼ ማውጣት ነው የምመርጠው።

ናፍጣ የገባበትን ቪትዝ ደጋግሞ ማስነሳት

ይህኛው እንደ መጀመሪያው አያስፈራም። ቪትዝ የቤንዚን መኪና ነው፤ ናፍጣ ደግሞ በካንዴላ ብልጭታ በደንብ አይነድም። መኪናው ይንገጫገጫል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ይጠፋል። ታንከሩ ባዶ ይደረጋል፣ መስመሩ ይታጠባል፣ ካንዴላዎቹ ይጠረጋሉ ወይም ይቀየራሉ። ደጋግማችሁ ካስነሳችሁ ግን ያልነደደው ነዳጅ በፒስተኑ ቀለበት አልፎ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተ ሳትከራከሩ ቀይሩት።

በአፍ መሳብ

ተዉት። ነዳጅ ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል። የእጅ ፖምፓ በየሱቁ አለ። የዋጠ ሰው ካለም ወተት አጠጥታችሁ አታስመልሱት። ሲያስመልስ ነው ወደ ሳንባው የሚገባው። ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የወጣውን ድብልቅ እንደ ናፍጣ መያዝ

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ናፍጣ የሚነድ ተን ለማውጣት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ተን ያወጣል። ናፍጣ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ከገባ ድብልቁን እንደ ቤንዚን ፍሩት። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ መኪና ስር የምንሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ቡና የምታፈላው እህታችን ከሰሏን ግቢው ጥግ ላይ አቀጣጥላ ሳለ እዚህ ነዳጅ አይቀዳም። አንድም ተለማማጅ ይህን ሳይሰማ አንድ ቀን አይውልም። በላስቲክ ባልዲ አትቀበሉት፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። የብረት ዕቃ ተጠቀሙ። ወደ ቦይ አታፍሱት፤ የሰፈሩ ከብት ከዚያ ነው የሚጠጣው።

አንዴ አንድ ረዳት ከመኪናው የቀዳነውን በጀሪካን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ደረስኩበት። «ለእማዬ ምድጃ ነው፣ ከሚደፋ ብዬ» አለኝ። በነጭ ጋዝ ለምትሠራ ምድጃ! ልጁ ለእናቱ ማሰቡ ነበር። ቤንዚን ያለበት ነዳጅ እንዲህ ያለ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ፊት ላይ ይፈነዳል። ጀሪካኑን ተቀብዬ፣ አስቀምጬ አስረዳሁት። ከዚያ ወዲህ የወጣውን ድብልቅ ላዩ ላይ «አደገኛ» ጽፈን ቆልፈን ነው የምናስቀምጠው። ዕቃ ማጠቢያ ይሁንልኝ የሚልም አይሰጠው።

ለመካኒኩ አለመናገር

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ተጎትቶ መጣ። ምን ሆነ ስለው «ድንገት ጠፋብኝ» አለ። ባትሪውንና ሽቦውን ስንመረምር ረፋዱ አለቀ። በመጨረሻ ረዳቱ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ጀሪካኑ የቤንዚን ነበር» አለኝ። ሹፌሩ የፈራው ባለንብረቱ ከደሞዙ እንዳይቆርጥበት ነው። ባለንብረቶች፣ ሹፌራችሁ ወዲያው ደውሎ ከነገራችሁ አመስግኑት። ፖምፓችሁን ያተረፈላችሁ እሱ ነው።

ከማደያው ሳይነጋገሩ መሄድ

ጥፋቱ የማደያው ከሆነ ከቦታው ሳትነቃነቁ ኃላፊውን አስጠሩ። የመቅጃውን ማሽን ከነቁጥሩ ፎቶ አንሱ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባና ዙሪያዋ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ስለሆነ መልእክቱ እጃችሁ ላይ አለ፤ አታጥፉት። ከታንከሩ ከወጣው ትንሽ በጠርሙስ አስቀሩ። ቀጂዋ ላይ ግን አትጩሁባት። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ናት። የምትነጋገሩት ከኃላፊው ጋር ነው።

መኪናው ከተሠራ በኋላም መከታተል አለ። ናፍጣ ከሆነ ፊልትሮ ተቀይሮ ከነዳጁ መስመር አየሩ በደንብ ይውጣ፤ አየር ከቀረ ይጠፋባችኋልና። ከሳምንት በኋላ ፊልትሮውን እንደገና አሳዩት። ታንከሩ ጥግ የቀረ ብናኝ ካለ መጀመሪያ የሚያዘው እዚያ ነው።